የፍም ለባሽ ፊት

ዳንግላ ባጃጅ በተሳፈርሁ ቁጥር ወጣቶቹ ያውቁኛል። «እትየ የሺ፣ እውነት የፍም ለባሽን ፊት የሠሩት እርስዎ ነዎት?» ይሉኛል። አዎ ስላቸው ግማሾቹ አያምኑኝም። ነጠላዋን ያጣፋች ጡረተኛ ያንን የሚያስፈራ ፊት ከየት አመጣችው ይላሉ። እኔም የሚጠይቀኝን ሰው ቶሎ አላምንም። የሙያየ ጠባይ ነው። ዕድሜየን ሁሉ የሰው ፊት ስሠራ ኖሬ፣ ሰው ሲስቅልኝ እንኳ ሳቁ ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያበቃ ነው የማይ።

ፊልሙን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገር። አንድ ከሰል አክሳይ አለ። ባልንጀራው በሚነድ የከሰል ክምር ውስጥ ገፍቶ ይጥለዋል። ሰውየው አይሞትም፤ ፊቱ ተቃጥሎ፣ እሳት የማይጎዳው፣ ጭስ የሚታዘዝለት ፍጡር ሆኖ ይወጣና የበደሉትን እያሳደደ ይበቀላል። እዚሁ አዊ ውስጥ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ የተሠራ ፊልም ነው። በወጣበት ጊዜ ሲኒማ ቤት የተቀበለው የለም። በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉት ነው የተሰራጨ። ዛሬ ልጆች ንግግሩን በቃላቸው ይወጡታል፤ ባጃጆች የኋላ መስታወት ላይ ያ ፊት ተለጥፏል። ሲሠራ ምን እንደሆነ ግን ከጥቂት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ በመትከል ነው። የከተማው የኪነት ቡድን ልብሱን የሚያሰፋው እዚያ ነበር። አንድ ቀን የቡድኑ ፊት ሠሪ፣ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ ሰው፣ ልብስ ሊቀበሉ መጥተው ስሠራ ቆመው አዩኝ። «እጅሽ አይቸኩልም። ነይ እኔ ዘንድ» አሉኝ። ያኔ ሜካፕ የሚል ቃል አልነበረም፤ «ቀቢው» ነበር የሚሏቸው። ደመወዙ ከቁልፍ ተከላው እምብዛም አይሻልም፤ ቢሆንም ሄድሁ።

ጋሼ ደምሴ የሰው ፊት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ያሞቁ ነበር። «ቀዝቃዛ እጅ ፊትን ያስደነግጣል። የደነገጠ ፊት ቀለም አይቀበልም» ይላሉ። ሙጫ ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የራሳቸውን የእጅ አንጓ ቀብተው፣ ያቃጥል እንደሆን ይጠብቃሉ። ተዋናዩን የሚያዩት ደግሞ ከጀርባው ጀምረው ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ሰው ፊቱን አሰናድቶ ነው የሚመጣ፤ ጀርባውን ግን ማሰናዳት አያውቅበትም» አሉኝ። «ፊት ሁሉ ተቀብቶ የመጣ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ያንን ከለየሽ በኋላ ነው የራስሽን ቀለም የምትጨምሪ።»

ሽበትና ጢም ከፈረስ ጭራ ማዘጋጀት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በአገራችን ፈረስ መች ይጠፋል። ጭራውን በእንዶድ አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ፣ ከረዥሙ ውስጥ ለስላሳውን መምረጥ ነው። ወጣቱን ሽማግሌ ለማድረግ ቆዳውን በጣት ወጥሮ የእንቁላል ነጩን መቀባት ነው። ደርቆ ጣትሽን ስትለቂው ቆዳው ራሱ ይጨማደዳል። ቁስል ከማርና ከቀይ ቀለም ይሠራል፤ ችግሩ ዝንቡ ነው።

በኋላ ቡድኑ ወደ እንጅባራ ሲዛወር እኔም ቆሰበር ገባሁ። የድሮ ሰው ከተማውን አሁንም ቆሰበር ነው የሚለው። ብዙ አለቃ አይቻለሁ። አንዱ ሌባ ሆኖ የሚጫወት ሁሉ ወፍራም ካልሆነ አይወድም ነበር፤ ስንቱን ቀጫጫ ሆዱ ላይ ጥጥ ስጠቀልል ኖርሁ። ሌላው ደግሞ ለአንድ ተውኔት የሠራሁትን ጉቦኛ ዳኛ አይቶ «እኔን አስመስለሽ ነው» ብሎ ተቆጣ። ጉቦኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚመስል፣ ምን ላድርግ። በመጨረሻ ጋሼ ደምሴ አረፉ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ብሩሾቼን ጠቅልየ ሳጥን ውስጥ ከተትሁ።

ይበልጣል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቡድናችን ውስጥ ተዋናይ የነበረ፣ ኋላ ካሜራ ገዝቶ ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ነው። ፊልም ልሠራ ነው ብሎ ታሪኩን ነገረኝና ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ግማሽ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ነበር።

«ይሄን ፊት ነው የምፈልግ፣ እትየ። ልክ ይሄንን።»

«ከየት አገኘኸው?»

«ከኢንተርኔት።»

ስልኩን ተቀብየ አተኩሬ አየሁት። ከሰውየው ጆሮ በስተኋላ የአጥር ጫፍ ይታያል። የቀርከሃ አጥር፣ ያውም አስተሳሰሩ የኛው አገር። ኢንተርኔት ደግሞ ቀርከሃ ማጠር ጀመረ እንዴ አልሁ በልቤ። ለሱ ግን ምንም አላልሁት፤ ሥራውን ተቀበልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያ አጥር ነው የጎተተኝ።

የቀረጻው ቦታ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ሰዉ ዲከረንስ የሚለው ለከሰል የሚተከል ዛፍ ጥቅጥቅ ያለበት ነበር። የከሰል ሠራተኞች ዕቃ የሚያስቀምጡባት አንዲት ክፍል ተሰጠችኝ። የፊልሙን ወጪ የቻለው አቶ ቢተው የሚባል የከሰል ነጋዴ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ነገር አስጠረጠረኝ። ቢተው ገንዘብ ማውጣቱ ሳያንስ ራሱ ካልተጫወትሁ ብሏል። የመረጠው ደግሞ ባልንጀራውን ገፍቶ የሚጥለውን ክፉ ሰው ነው። ሀብታም ሰው ተውኔት ውስጥ ልግባ ሲል ብዙ አይቻለሁ፤ ንጉሥ ልሁን ይላል፣ ሽማግሌ ልሁን ይላል። ክፉውን ልሁን ያለ አላጋጠመኝም።

ቢተው ሲያልፍ የከሰል ሠራተኞቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአውኝ ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አውኝ አልሰማም። ዝምታቸውን ግን እሰማለሁ። ሰውየው እጅጌውን አይሰበስብም፤ ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። ደግሞ ከዛፎቹ ሥር በየቀኑ አንድ ሰው ይቆማል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ያየናል፤ አይቀርብም፣ አይሄድም። ይበልጣልን «ማን ነው?» ብለው «ተመልካች ነው» አለኝ፤ ወደ ሰውየው ግን ዞር ብሎ አላየም። ሳያይ እንዴት አወቀው?

ፍም ለባሽ ሆኖ የሚጫወተው ምናለ የሚባል ትዕግሥተኛ ልጅ ነበር። ሶፍቱን በሙጫ እየደራረብሁ፣ ጀላቲን እያፈሰስሁ፣ ቀዩንና ጥቁሩን እየቀባሁ ከንጋት ጀምሬ ሠራሁት። ክፍሏን ከፍቶ ሲወጣ የቀረጻው ሰው ሁሉ ወደኋላ አፈገፈገ። አንዷ አማተበች። ይበልጣል በደስታ አቀፈኝ። እኔም ኮራሁ።

ያን ጊዜ ነው ባለ ጋቢው ሰው ከዛፎቹ ሥር ወርዶ የመጣ። የምናለን ፊት ዞሮ ዞሮ አየና ወደ እኔ መለስ አለ። «እናቴ፣ ይሄ የትናንት ቁስል ነው» አለኝ በለሆሳስ። «ይሄ ሰው ሆስፒታል መተኛት ያለበት ነው። የሚበቀለው ግን የዳነ ሰው ነው።»

ልክ ነበር። ታሪኩ ፍም ለባሽ ለበቀል የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ የሚደማ ሥጋ ሠርቻለሁ። ጠባሳ መሥራት ሲገባኝ ቁስል ሠራሁ። ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው፣ ፎቶውን ሳይ ልቤ አጥሩ ላይ ቀርቶ ፊቱን አላየሁትም ነበር። የዚያን ቀን ቀረጻ በሙሉ ተጣለ። ጋሼ ደምሴ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር እያልሁ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥሁ።

ሰውየው ተከትሎኝ ገባ። «አስማረ እባላለሁ። ከፈለጉ ይዩት» ብሎ ጋቢውን ከፊቱ አወረደ።

በፎቶው ያየሁት ፊት ነው። እጄን አሙቄ ዳሰስሁት። የዳነ ቃጠሎ ቀይ አይደለም፤ የነጣና ገረጣ ያለ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ፀጉር የለው፣ የላብ ቀዳዳ የለው። ከሁሉ በላይ ይጎትታል። የግራ ዓይኑ ሥር ወደ ጉንጩ ተስቦ፣ ሽፋኑ አይገጥምም። ሲተኛም እንደማይገጥም ነገረኝ። በማግስቱ ለምናለ ቀጭን ፕላስተር ከዓይኑ ሥር ወደ መንጋጋው ሳብሁና በላዩ ላይ ጠባሳውን ሠራሁ፤ ቫዝሊን ነካ አድርጌ አበራሁት። ዛሬ በየባጃጁ ላይ የምታዩት ፊት ያ ነው።

ያን ቀን እየዳሰስሁት «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» አልሁት።

«እሱን ባውቅ እዚህ አልመጣም ነበር» አለኝ። «እኔና ቢተው አብረን ነበር የምናከስል። አፈር የለበሰው የእንጨት ክምር አንድ በኩል ተቀዶ ነበልባል ወጣ። አፈር ልንደፍንበት ላዩ ላይ ወጣን። ከእግሬ ሥር አፈሩ ከዳኝ። ከመውደቄ በፊት ጀርባየ ላይ እጅ ተሰማኝ። ገፍቶኝ ይሁን ሊይዘኝ፣ ይኸው እስካሁን አላውቅም።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ሌሎች በእንጨት ስበው ሲያወጡኝ እሱ አልነበረም። ሆስፒታል ተኝቼ አልጠየቀኝም። ያንን ከሰል ግን ጭኖ ሸጦታል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

እኔም በሱ ቦታ ብሆን ገፍቶኛል ነበር የምል።

«ምስክር የለኝ፣ ጉልበት የለኝ። ይበልጣል አዲስ ቅዳም ሠርግ ሊቀርጽ ሲመጣ ታሪኬን ነገርሁት። ፊልሙ ይበቀልልኝ አልሁ። ስሜን እንዳያነሣ ግን አስምየዋለሁ።»

ይበልጣልን ይዤ ብጠይቀው ራሱን አከከ። ወደ ቢተው ገንዘብ ፍለጋ የሄደው ሌላ ሰጪ ስላጣ ነው፤ ቢተውም ታሪኩን አንብቦ፣ ምንም ሳይጠይቅ እሺ አለው። «እንዴት አልጠረጠርህም?» አልሁት። «ጠርጥሬያለሁ እንጂ፣ እትየ። ግን ፊልም መሥራት ፈልጌ ነበር» አለኝ።

እንዲህ እየተጠራጠርን፣ አንዱ ሌላውን በቆረጣ እያየ፣ ወደ መጨረሻው ትዕይንት ደረስን። ፍም ለባሽ ያንን ክፉ ሰው የሚነድ ክምር አፋፍ ላይ አቁሞ ይገፈትረዋል። ለካሜራው ሲባል እውነተኛ ክምር ተለኩሷል። ቢተው ከአፋፉ ወዲህ ይቆማል፤ የሚወድቀው በኋላ ጭድ የተሞላ አሻንጉሊት ነው። በዋዜማው አስማረ ይበልጣል ዘንድ ሄዶ፣ ፊቱ ከቅርብ ለሚታይበት ትዕይንት በምናለ ፋንታ እኔ ልቁም አለ። ይበልጣል ጮቤ ረገጠ።

እኔ ግን ወሬውን ሰምቼ ስመለስ አስማረን ከኋላው አየሁት፤ ወደ ክምሩ እየሄደ ነበር። ትከሻው ወደ ላይ ወጥቷል፣ አንገቱ ገብቷል። ሸክም ሊያነሣ የተሰናዳ ሰው ጀርባ እንጂ ተውኔት የሚጫወት ሰው ጀርባ አልነበረም።

«ሌላ ሰው ይቁም» አልሁት ይበልጣልን። «ይሄ ሰው የምር ይገፋዋል።»

«ምን ነካዎት፣ እትየ? ሁለቱም ወደው ነው። ደግሞ ዳር ዳሩ ነው የሚነድ።»

«መሐሉስ?»

ወደ ካሜራው ዞረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢተው ክፍሌ ገባና በሩን ዘጋ። ቆሜ ነበር፤ በሩን ሲዘጋው ወደ መቀሴ አየሁ። ሰውየው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና የቀኝ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። ከጣቱ ጀምሮ እስከ ክርኑ፣ በውስጥም በውጭም፣ ቆዳው እንደ ሰም ቀልጦ የረጋ ነው። ክርኑ ላይ ሲደርስ በመስመር የተቆረጠ ይመስል ጤነኛው ቆዳ ይጀምራል።

«ይሄን ይሸፍኑልኝ» አለኝ። «ገፍቶ የጣለ ሰው እጁ አይቃጠልም። የምጫወተው እሱን ነው።»

ሽሙጥ ነው ብየ ፊቱን አየሁ። አልነበረም።

«መቼ ነው የተቃጠሉት?»

«የዚያኑ ቀን። ያዝሁት፣ እትየ። ክንዱን ያዝሁት። ቆዳው እጄ ላይ ቀረና አመለጠኝ።» ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። «ጮኼ ሮጥሁ። ሞቷል ብየ ነው። መትረፉን ስሰማ ደግሞ በምን ዓይኔ ልየው?»

«ከሰሉንስ? ለምን ሸጡት?»

«ለእሱ መልስ የለኝም» አለ።

«ይሄን እጅ ለምን አላሳዩትም?»

«ማን ያምነኛል? ከሰል አክሳይ ሆኖ የማይቃጠል ማን አለ። ሰው ከኋላየ እንዲህ ሲያወራ ኖሯል፤ እንግዲህ በፊቴ ይበለው ብየ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት። ዛሬ ከኋላየ የሚቆመው ምናለ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከፈለገ ይግፋኝ። እጄን አሳይቼ ምሕረት የምለምን እንዳይመስለው ግን ይሸፍኑልኝ።»

ሸፈንሁለት። ጥሩ አድርጌ ሸፈንሁለት፤ እጁ የሕፃን እጅ መሰለ። እየቀባሁ ግን ልቤ ይሟገት ነበር። ይሄም ተንኮል ቢሆንስ? ይሄን ለእኔ የነገረኝ ሄጄ እንድናገርለት ቢሆንስ? በሌላ ቀን፣ በሌላ ክምር የተቃጠለው ቢሆንስ? ስንት የሚያለቅስ ተዋናይ አይቻለሁ። ወጥቶ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። ጀርባውም ቢሆን አልነገረኝም።

ወደ ቀረጻው ቦታ ስደርስ ሁለቱ አፋፉ ላይ ቆመዋል። ጭሱ ከሥራቸው እየወጣ ነው። ቢተው አስቀድሞ ምልክት ከተደረገለት ቦታ አልፎ፣ ጫፉ ላይ ነው የቆመ። አስማረ ከኋላው እጁን አንሥቶ ጀርባው ላይ አሳረፈ። ይበልጣል በካሜራው ውስጥ እያየ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይላል። እኔ ከአስማረ ፊት ላይ ያየሁትን ግን እሱ አላየም። ያ የማይገጥመው ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር፤ ደህነኛው ግን ደረቅ ነው፤ እንባው የጭስ እንጂ የልቅሶ አልነበረም።

እውነቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ማወቅ ያለበት ግን አስማረ ነው፤ የሚያይበትን ነገር ደግሞ በገዛ እጄ ሸፍኜበታለሁ። ቀለም የምጠርግበት፣ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ይዤ ነበር። ወደ አፋፉ ወጣሁ።

«እትየ! ካሜራ ውስጥ ገቡ! ከት!» ብሎ ይበልጣል ጮኸ።

አልቆምሁም። የቢተውን ቀኝ እጅ ያዝሁና እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቤ፣ ከክርኑ ጀምሬ ወደ ታች ጠረግሁት። ቢተው ሊነጥቀኝ ሞከረ፤ ቀለሙ ግን አንዴ ከለቀቀ ለቀቀ ነው። ጠባሳው ወጣ።

አስማረ አየው። እጁ ከቢተው ጀርባ ላይ አልወረደም። በአውኝ አንድ ነገር አለ። ቢተው ሳይዞር መለሰለት። አስማረ ደግሞ ጠየቀ፤ ቢተው ደግሞ መለሰ፤ ድምፁ ተሰበረ። አንዲት ቃል አልገባችኝም። አስማረ ከጀርባው ላይ እጁን አንሥቶ ያንን የተቃጠለ ክንድ ጨበጠ፤ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠ። አሁን ነው እንግዲህ ብየ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ቢተውን ከአፋፉ ወደኋላ ስቦታል። ከዚያ ክንዱን ለቀቀና በጭሱ መሐል አልፎ ሄደ።

ይበልጣል «ከት» ቢልም ካሜራውን አላጠፋውም ነበር። የፊልሙ መጨረሻ ያ ሆነ። አሻንጉሊቱን የጣለው የለም። ሰው ሁሉ ፍም ለባሽ ለምን አልገፋውም እያለ ይከራከራል፤ ይበልጣል ቆርጦ ሊያወጣው ያልቻለውን የነጭ ጨርቄን ጫፍ አይተው መልአክ ነው የሚሉ አሉ፣ የእናቱ መንፈስ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አላርማቸውም።

አስማረን በኋላ ጠየቅሁት። «ልትገፋው ነበር?»

«እጄ እዚያ እስኪደርስ እኔም አላውቅም ነበር» አለኝ።

«ምን አለህ?»

«ያው ለእርስዎ ያለውን ነው የሚሆን።»

«አመንኸው?»

«እጁን አየሁት። ለጊዜው ይበቃኛል።»

የአዲስ ቅዳም ሰው አሁንም ለሁለት የተከፈለ ነው። ገሚሱ ቢተው ገፍቶታል ይላል፣ ገሚሱ ይዞታል። ሁለቱ ሰዎች በገበያ ቀን ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ አሉ፤ አብረው ሲቀመጡ ግን ያየ የለም። እኔ ደግሞ አንዳንድ ቀን ያንን ክርን ላይ የተቆረጠ መስመር ሳስብ ቢተውን አምነዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን የሸጠውን ከሰል ሳስብ አላምነውም።

ፊልሙ ዳንግላ በአንድ አዳራሽ ሲታይ አስማረን ይዤው ሄድሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ፣ እንደ ወትሮው ተከናንቦ አየ። ሲያልቅ ሙቀቱ አስጨንቆት ኖሮ፣ በር ላይ ጋቢውን ከፊቱ አወረደው። ግቢው በልጆች ተሞልቷል። ልጆች እሱን አይተው ሲሸሹ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና «ተከናነብ» ልለው ነበር። አልደረስሁም።

«ፍም ለባሽ! ፍም ለባሽ!» ብለው ግር ብለው መጡ።

አስማረ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ቀና ብላ አየችው።

«ሜካፕህ አልለቀቀም እንዴ?»

ወደ እኔ አየ። እኔ ምን ልበለው? «አይለቅም» አላት።

«ልንካው?»

ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ፣ ከዓይኑ ሥር ተስቦ የወረደውን እየተከተለች እስከ መንጋጋው ዳሰሰችው።

«ያማል?»

«አሁን አያምም።»

ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «አያምም! ኑ ንኩት!» ብላ ጠራቻቸው። አስማረ ሁሉም ነክተው እስኪጨርሱ ቁጢጥ እንዳለ ቆየ።